ባቡር አንኳኪው ዛፕርያን ኢንተርኔት ሲመርጥ

ዛፕርያን ባካሎቭ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የባቡር ጎማ ሲያንኳኳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጎርና ኦርያሆቪጻ ጣቢያ ባቡር በገባ ቁጥር እጀታው የረዘመ መዶሻውን ይዞ ከፊት እስከ ኋላ እየሄደ እያንዳንዱን ጎማ መታ ያደርግና ጆሮውን ይሰጣል። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይታፈናል። ሁሉንም ሰምቶ ልቡ ሲረካ በመጨረሻው ፉርጎ ጎን ላይ በጠመኔ አንድ ሰያፍ መስመር ይጥላል፤ ያ መስመር ካልተሰመረ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። ሹፌሩ ጡሩንባ ቢነፋ፣ የጣቢያው ሹም ቢቆጣ፣ መንገደኛው አንገቱን በመስኮት አስግጎ ቢሳደብ ዛፕርያን አይሰማም። የቫርናው ፈጣን ባቡር በእሱ የተነሳ ስንት ጊዜ ዘግይቶ ወጥቷል። እሱ ያንኳኳው ጎማ ግን አንድ ቀን ወልቆ አያውቅም፤ ይህን ጠላቱም አይክድም።

ክፋቱ፣ ጡረታ ሲወጣ መዶሻውን ለጣቢያው አስረክቦ ጠባዩን ቤቱ ይዞ መምጣቱ ነው። ሐብሐብ ሊገዛ ሲሄድ የሻጩን ክምር ከላይ እስከ ታች ያንኳኳል። ፍሪጅ ለመምረጥ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጅቶበታል፤ በመጨረሻ ቆርጦ ሲሄድ ያ የመረጠው ዓይነት መሠራት አቁሞ ነበር። ሚስቱን ስቶይልካን ከማግባቱ በፊትም ከሌሎች ሁለት ልጃገረዶች ጋር አስተያይቷታል ይባላል። «እሱ ሲያስተያይ ሁለቱ ተዳሩ፣ እኔ ቀረሁ» ትላለች ስቶይልካ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እሱ እየሰማ። ዛፕርያን በዚህ አይቀየምም፤ እውነት ነዋ።

የሚኖሩት ብሎክ 14፣ «ለ» መግቢያ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ለዚህ መግቢያ ኢንተርኔት የሚያስገቡት ሦስት ናቸው። አንደኛው ትልቅ ኩባንያ ነው፤ መኪናውም የሠራተኞቹ ሸሚዝም ቢጫ ስለሆነ ሰው ሁሉ «ቢጫው» ይለዋል። ሁለተኛውም ትልቅ ነው፤ «ሐምራዊው» ይባላል፣ በምን ምክንያት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሦስተኛዎቹ ጎረቤት ብሎክ ምድር ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከጣሪያ ጣሪያ ሽቦ ሲያንጠለጥሉ ያደጉ ሲሆኑ፣ ስልክ ሲያነሱ አፋቸው ውስጥ ሁልጊዜ የሚታኘክ ነገር አለ።

ዛፕርያን የቢጫው ደንበኛ ነበር። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ ሊያልቅ ወር ሲቀረው «በቃኝ» ብለህ በጽሑፍ ካላመለከትክ ራሱን በራሱ ለሌላ ሁለት ዓመት ያድሳል። ዛፕርያን ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከበጋው ጀምሮ ባለአራት ማዕዘን መስመር ደብተር ገዝቶ ሦስቱን ሲያነጻጽር ከረመ። ፍጥነት በጠዋት፣ ፍጥነት በማታ፣ ስልክ ለማንሳት የሚፈጀው ጊዜ፣ ሠራተኛው ቤት ሲገባ ጫማ ያወልቃል ወይስ አያወልቅም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓምድ አለው ደብተሩ። አሥራ ዘጠነኛውን ዓምድ ሞልቶ ማመልከቻውን ይዞ ቢጫው ቢሮ ሲደርስ ቀኑ ትናንት አልፏል ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ስድሳ አንድ አቤቱታ አስገብቷል፤ እያንዳንዱ ቁጥርና ቀን አለው።

የዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያርፈው ስቶይልካ ላይ ነው። ስቶይልካ ሠላሳ ዓመት በልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። በሺህ የሚቆጠር ካፖርት ቆርጣለች፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ስሟን የጠራት አልነበረም፣ «ሁለተኛ ጠረጴዛ» ነበር የሚሏት። ጡረታ ከወጣች በኋላ የእህቷ ልጅ አግባባቻትና ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ጨርቅ እንዴት እንደሚለካና እንደሚቆረጥ ማሳየት ጀመረች። መጀመሪያ አራት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ አርባ ሆኑ። አሁን ስንት እንደሆኑ እሷም አታውቅም፤ ሁሉም ግን «መምህርት ስቶይልካ» ይሏታል። ይህን ስትሰማ አንገቷ ቀና ይላል፣ ደስታዋ ያስታውቃል።

ቢጫው ደግሞ ሐሙስ ማታ ማታ ይደክመዋል። ስቶይልካ መቀሷን ከፍ አድርጋ «አሁን እዚህ ጋ ተጠንቀቁ» ስትል ስክሪኑ ላይ ድርቅ ትላለች፤ አፏ እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይኗ እንደተጨፈነ። አንዷ ተማሪ ያንን መልኳን ፎቶ አንስታ ለሌሎቹ ላከችው። ለክፋት አልነበረም፣ ለሳቅ ነው። ስቶይልካም አብራ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን ባሏን ጠራችው።

«ዛፕርያን።»

«አቤት።»

«ዘንድሮ የቅድስት ፔትካ ዕለት ሐሙስ ነው የሚውለው። በአሥራ አንድ ከተማ ሴቶች በየባህል ቤታቸው ተሰብስበው ሊያዩኝ ነው። የምቆርጠው ካፖርት ነው፣ እውነተኛ ሱፍ። አንዴ መቀስ ከገባበት መመለሻ የለውም። መሃል ላይ ደርቄ ብቀር ምን ልሆን ነው?»

«አትደርቂም። እያነጻጸርኩ ነው።»

«ስንት ወርህ ነው ከጀመርክ?»

«አምስት።»

«እርጉዝ እንኳ በአምስት ወሯ ሆዷ ይታያል። ያንተ ምንም አይታይም» አለችው። «ስማኝ፣ እህቴ ኔዳ ቤት ጥሩ መስመር አለ። እስከ ማክሰኞ ካልመረጥክ ኔዳ ቤት እሄዳለሁ። ለአንድ ቀን እንዳይመስልህ፣ ጠቅልዬ ነው።»

ዛፕርያን መጀመሪያ የቁጣ ወሬ መስሎት ነበር። በማግስቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ሲወጣ ግን አንድ ነገር ልብ አለ። ኦክቶበር ገብቷል፣ ብሎኩ በሙሉ በርበሬ ይጠብሳል፣ ከየበረንዳው ጭስ ይወጣል፣ ደረጃው ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። የእነሱ በረንዳ ብቻ ባዶ ነው። ስቶይልካ ዘንድሮ አንድ ከረጢት በርበሬ እንኳ አልገዛችም። ለክረምት በርበሬ ጠብሳ በብርጭቆ ማሰሮ የማታሽግ ሴት፣ በዚያ ቤት ልትከርም አላሰበችም ማለት ነው። ዛፕርያን ፈራ። በአርባ ሦስት ዓመት ትዳር እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ አንዱን ይፈርማል። እሱ ግን ሲፈራ ማንኳኳቱ ይብስበታል። በውል ቢታሰርም ቅጣቱን ከፍሎ ሊወጣ ቆርጧል፤ ወዴት እንደሚሄድ ነው ያልቆረጠው። ሦስቱን መስመሮች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ደቂቃ ጎን ለጎን አስሩጦ ሳያይ እንዴት ይፈርማል? እሱ አንድ ሰው፣ መስመሮቹ በሦስት ፎቅ። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት ለመነ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው እትዬ ሩስካ ሐምራዊውን ትጠቀማለች፤ ስድስተኛ ፎቅ ያለው ጡረተኛው ጥርስ ሐኪም ቬንኮ የወንድማማቾቹን። ማታ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሦስቱም አንድ ዓይነት ፊልም ማውረድ ይጀምራሉ፤ የጨረሰ የማሞቂያውን ቧንቧ ይመታል። ሩስካ አንዴ፣ ቬንኮ ሁለቴ። ቧንቧው ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ አንድ ስለሆነ ዛፕርያን የባቡር ሰዓቱን ይዞ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ሁሉንም ይሰማል።

ሐሳቡ አይነቀፍም ነበር። ሩስካ ግን የቱርክ ተከታታይ ፊልሟ ልክ በሁለት ሰዓት ስለሚጀምር ማውረድ ሳትጀምር ቧንቧውን አንዴ ጓ አድርጋ ወደ ቴሌቪዥኗ ትሄዳለች። ዛፕርያን ሦስት ማታ ሙሉ የሐምራዊው ፍጥነት እያስደነቀው ጻፈ። ቬንኮ ደግሞ ጆሮው ስስ ስለሆነ ቧንቧውን በመጥረጊያ እንጨት ነበር የሚመታው፤ አይሰማም። በአራተኛው ማታ ሰባተኛ ፎቅ ያለ አንድ የተማረረ ሰው ቧንቧውን በመጥበሻ ደጋግሞ ቀጠቀጠው። ዛፕርያን ይህንንም አልዘለለውም። «ያልታወቀ ኩባንያ፣ ሦስት ጊዜ፣ እጅግ ፈጣን» ብሎ መዘገበ።

«ጋሽ ዛፕርያን» አለችው ሩስካ ደረጃ ላይ አግኝታው፣ «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ከየትኛው ምራጭ እንደምወድቅ ነው የማጣራው» አለ።

በዚህ መሃል ቅዳሜ ዕለት የአያቱ አርባኛ ሙት ዓመት ደረሰ። በእኛ ዘንድ ሙት ዓመት ያለ ወረቀት አይታሰብም፤ የሟቹ ፎቶና ስም ታትሞ መግቢያው በር ላይ ይለጠፋል፣ መቶ ዓመት ቢሆነውም ይለጠፋል። ዛፕርያን አያቱን ይወድ ነበር። ስሙንም ከእሱ ወስዷል፤ አያቱ ዛፕርያን ዴችኮቭ ባካሎቭ ነበር፣ ልጁን በአባቱ ስም ዴችኮ አለው፣ ዴችኮ ደግሞ ልጁን በአባቱ ስም ዛፕርያን አለው። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ ከነአባት ከነቤተሰብ ስማቸው አንድ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ በየመንደሩ ሞልቷል፣ ማንንም ግር አይለውም። ፎቶው ላይም ያው ጺም፣ ያው ጨለም ያለ ፊት ነው፤ መልክ ከስም ጋር ይወረሳል። ዛፕርያን ወረቀቱን ቢጫው፣ ሐምራዊውና ወንድማማቾቹ ከለጠፏቸው ማስታወቂያዎች መሃል አጣበቀ፣ ስቶይልካ ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ ለጎረቤት አደለች።

ሰኞ ጠዋት የቢጫው ሠራተኛ ስድሳ አንደኛውን አቤቱታ ሊያጣራ መጣ። ሰውዬው ወደ «ለ» መግቢያ መምጣት ምን ያህል እንዳስመረረው በቢሮው የማያውቅ የለም። በሩ ላይ ሲደርስ የደንበኛውን ስም ከነአባቱ፣ ከነፎቶው አየ፤ ከስር በትንሹ የተጻፈውን «አርባኛ ሙት ዓመት» አላነበበም። ቆቡን አወለቀ። ትንሽ ቆመ፣ ምናልባትም ከልቡ አዘነ። ከዚያ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ «ደንበኛው አርፈዋል» ብሎ ላከና ሄደ። ቢጫው ለዛፕርያን በአራት ዓመት ውስጥ በፍጥነት የሠራለት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ መስመሩ ተቋረጠ።

ባልና ሚስቱ የቦሎቄ ሾርባ እየበሉ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ስቶይልካ እጇ ሽንኩርት ስለነካ ድምፁን ለቀቀችው፣ ሁለቱም ይሰማሉ።

«እትዬ ስቶይልካ ባካሎቫ ነዎት?» አለች አንዲት ለስላሳ ድምፅ።

«ነኝ።»

«ከኢንተርኔት ኩባንያው ነው። በባለቤትዎ ዕረፍት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን ለመግለጽ ነው የደወልኩት።»

ስቶይልካ ባሏን አየችው። ዳቦውን ሾርባው ውስጥ እየነከረ ነው።

«መቼ ነው ያረፈው?» ብላ ጠየቀች።

«እኛ ዘንድ የተመዘገበው ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው።»

«እኔ ዘንድ እስካሁን እየበላ ነው።»

ልጅቷ ድምፅዋን ይበልጥ አለሰለሰች። «ይገባኛል፣ እማማ። እናቴም አባታችን ከሞተ በኋላ ዓመት ሙሉ ሳህኑን ታቀርብለት ነበር። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። ውሉ ያለ ምንም ቅጣት ተዘግቷል፣ ስድሳ አንዱም አቤቱታ ተዘግቷል። ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን» አለች ስቶይልካ፣ ከልማድ አምልጧት።

የዛፕርያን ማንኪያ ቆመ። ያስቆመው የመሞቱ ወሬ አይደለም። «ያለ ምንም ቅጣት» የሚለው ነው።

«ተነስ» አለችው ስቶይልካ። «ሂድና በሕይወት እንዳለህ ንገራቸው፣ ያንን መስመር ይመልሱት። ደካማም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ሐሙስ እኮ ደረሰ።»

ሄደ። ቢሮው ውስጥ ተራ ይዞ፣ ቁጥሩ ሲጠራ መታወቂያውን አስቀመጠ። ሠራተኛዋ ጻፈች፣ አየች፣ ደግማ አየች።

«አባባ፣ ሲስተሙ ላይ ሞተዋል።»

«ይኸው ቆሜያለሁ።»

«እኔማ አምናለሁ። ሲስተሙ ነው የማያምነው። ከማዘጋጃ ቤት በሕይወት ለመኖርዎ ማስረጃ ያምጡና እንከፍትዎታለን። ውሉ ግን እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው፣ ሃያ አራት ወር። መስመሩን ለመመለስ ደግሞ ሰባት የሥራ ቀን።»

«ሞቼ ብቀርስ?»

«ቢቀሩማ ጨርሰናል። ከእርስዎ ምንም አይጠበቅም።»

«ምንም?»

«ፊርማ እንኳ።»

ዛፕርያን ስድሳ ስምንት ዓመት ሲኖር «ከአንተ ምንም አይጠበቅም» ያለው ሰው አልነበረም። መታወቂያውን ቀስ ብሎ አነሳ። «እስቲ ትንሽ ላነጻጽርና ልመለስ» አለ። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ቀልድ አልነበረም። ቤቱ ሲገባ ስቶይልካ ስለ ካፖርቱ ከኔዳ ጋር በስልክ እያወራች ነበር፤ እሱ ወጥ ቤት ተቀምጦ ደብተሩን ገለጠና ገጹን ለሁለት ከፈለው። በአንዱ ራስጌ «በሕይወት»፣ በሌላው «ሙት» ብሎ ጻፈ። በሕይወት በሚለው ስር፦ ሃያ አራት ወር፤ የማዘጋጃ ቤት ሰልፍ፤ ሰባት ቀን ያለ መስመር፤ ማታ ማታ መድከም። ሙት በሚለው ስር፦ ቅጣት የለም፤ ፊርማ የለም፤ ወደ ማንኛውም ኩባንያ መሄድ ይቻላል፤ አቤቱታ ሁሉ ተዘግቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ደወሉ፤ አነጋገራቸው ትሁት ነው። ሙቱ ረዘመ። ዛፕርያን ከስሩ አሰመረበት።

ማክሰኞ ጠዋት ስቶይልካ ቡና ልታፈላ ወጥ ቤት ስትገባ ደብተሩ እንደተገለጠ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቆማ አነበበችው። ሁለተኛም አነበበችው። ዛፕርያን ሲገባ ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«እኔ በየትኛው ዓምድ ነኝ?»

ሰውዬው ዋሽቶ አያውቅም፤ ጎንበስ ብሎ ከላይ እስከ ታች ፈለጋት። ሁለቱንም ዓምድ አየ። «አንቺ ላይ… ገና አልደረስኩም» አለ።

ስቶይልካ አልጮኸችም። ከአልጋ ስር ሻንጣዋን አወጣች። መቀሷን፣ ጠመኔዋን፣ የልኬት ሜትሯን፣ የሱፉን ጨርቅ፣ የክረምት ካልሲዎቿን ከተተች። ካልሲዎቹን ሲያይ የዛፕርያን ልብ ስንጥቅ አለ። በሩ ላይ ዞር አለችና፣ «በሂሳብህ ሙቱ በልጧል። በሰላም እረፍ» ብላው ወረደች።

ከሰዓት በኋላ ሩስካ በሩን አንኳኳች። «ጋሽ ዛፕርያን፣ ታች የተለጠፉት አያትህ ናቸው ወይስ አንተ? እትዬ ስቶይልካ ሻንጣ ይዘው ሲወጡ አየሁና ግራ ገባኝ።»

«አያቴ ናቸው።»

«እንኳን» አለች ሩስካ። ፊቱን ስታየው ግን ያላመነች መሰለች፤ ከቅዳሜ የተረፈ አንድ ሳህን ንፍሮ ይዛለት ተመለሰች።

ረቡዕን ሙሉ ብቻውን ዋለ። ንፍሮውን በላ። ደብተሩን ገለጠ፣ ዘጋ። መስመር ስለሌለ የሚለካ ነገር አልነበረም። ከልማድ ብዛት የማሞቂያውን ቧንቧ በጣቱ አንኳኩቶ ጆሮውን ሰጠ፣ ግድግዳውን መታ፣ የስቶይልካን የመቁረጫ ጠረጴዛ መታ። ሁሉም ድምፁ የታፈነ መሰለው። ይህ ድምፅ የተሰነጠቀ ጎማ ድምፅ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሐሙስ፣ የቅድስት ፔትካ ዕለት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደብተሩን በብብቱ፣ የባቡር ሰዓቱን በኪሱ ይዞ ስድስተኛ ፎቅ ወጣ።

«የወንድማማቾቹን መስመር ሐሙስ ማታ ለክቼው አላውቅም» አለው ለቬንኮ።

«ግባ፣ ግባ። ሚስትህን ለማየት ምክንያት አያስፈልግህም» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

ስቶይልካ ብቅ አለች። ከኋላዋ የኔዳ ሳሎን፣ ከፊቷ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ። ዛፕርያን ይህን ትምህርት አንድ ቀን አይቶት አያውቅም፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ራውተሩ አጠገብ ሰዓት ይዞ ሲቆጥር ነበር። አሁን አያት። ጨርቁን በእጇ መዳፍ ታሻለች፣ ጠመኔውን ሳታየው ታገኘዋለች፣ ስትናገር ድምፅዋ ቤት ውስጥ ከሚያውቀው ይለያል። አሥራ አንድ ከተማ እየሰማት ነው፤ አንድም ሰው «ሁለተኛ ጠረጴዛ» አይላትም።

መሃል ላይ ከዶብሪች አንዲት ሴት ጥያቄ አለኝ አለች። «መምህርት፣ እኔ ጨርቄን ከገዛሁ ሁለት ዓመቱ ነው። እለካለሁ፣ ደግሜ እለካለሁ፣ መቀሱን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ብሳሳትስ?»

ስቶይልካ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ» አለች። «ሲለካ እንደሱ የሚለካ የለም። እኔም የወደድኩት ለዚያ ነው፣ ወጣት ሆኜ ባቡር ስሳፈር እሱ ካላሳለፈው ባቡር ላይ አልወጣም ነበር። ግን የእኛ ሰዎች "ሦስቴ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ" ነው የሚሉት። ሦስቴ ለካ ብለው አላቆሙም። ለክቶ ለክቶ የማይቆርጥ ሰው ልኩን ያውቃል፣ ካፖርት ግን የለውም። ክረምት ደግሞ እስክትወስኚ ቆሞ አይጠብቅሽም፣ ልጄ። ብትሳሳቺ እናጠብበዋለን።»

ቬንኮ ወደ ጣሪያው አየ። ዛፕርያን ወደ ጫማው አየ። ከዚያ ስቶይልካ መቀሱን አነሳች፤ ከአንገት እስከ ጫፍ፣ ሳትቆም፣ በአንድ ትንፋሽ ቆረጠችው። አልደረቀችም። ዛፕርያን ትንፋሹን ይዞ እስከ መጨረሻው አየ። ሲያልቅ ደብተሩ ጉልበቱ ላይ እንደተገለጠ ነበር፣ ሰዓቱም ከኪሱ አልወጣም።

ከቬንኮ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ጎረቤት ብሎክ ምድር ቤት ወረደ። ታናሽየው ወንድም ዶብሪ በሽቦ ጥቅልሎች መሃል ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል።

«ውል አምጣ» አለው ዛፕርያን።

ዶብሪ መፈልፈሉን አቆመ። «ጋሽ ዛፕርያን፣ እርስዎ ከመጡ ሦስት ወር ይጠይቃሉ ብለውኝ ወንበር ገዝቻለሁ እኮ። አይጠይቁኝም?»

«መቼ ትገጥማለህ?»

«ነገ ጠዋት። ሽቦአችን በመስኮትዎ ካለፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እትዬ ስቶይልካ ካልሲ ያሰጡበታል።»

ዛፕርያን ይህን አሥራ ዘጠኝ ዓምድ ውስጥ አላስገባውም ነበር። «በእሷ ስም ጻፈው» አለ።

«በእርስዎ ቢሆን አይቀልም?»

«እኔ ሞቻለሁ።»

ዶብሪ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራስ አየው፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ትዝ አለው፣ ከዚያ ወሬ ሳያበዛ ጻፈ።

ዓርብ ጠዋት ዛፕርያን ወረቀቱንና ደብተሩን ይዞ በአውቶቡስ ፓርቮማይጺ መንደር፣ ኔዳ ቤት ሄደ። የግቢውን በር ገፋ ሲያደርግ የበርበሬ ጭስ ተቀበለው። ስቶይልካ በርሜሉ ምድጃ ላይ ጎንበስ ብላ በርበሬ ታገላብጣለች፤ ግድግዳው ስር የታሸጉ ማሰሮዎች በረድፍ ተደርድረዋል፣ ሃምሳ ይሆናሉ። ዛፕርያን ማሰሮዎቹን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። እዚህ ልትከርም ነው ማለት ነው።

ኔዳ አየችውና፣ «ኧረ፣ ሙታን በአውቶቡስ መምጣት ጀመሩ?» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ዛፕርያን ወረቀቱን ዘረጋ። ስቶይልካ በጠቆረ ጣቷ ተቀብላ አየችው።

«የወንድማማቾቹ ነው» አለ። «ትናንት ማታ ቬንኮ ቤት ሆኜ አየሁሽ።»

«ፍጥነቱ ስንት ነው?»

«እንጃ።»

«ሰዓትህስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነበር።»

ስቶይልካ መዳፏን ግንባሩ ላይ አደረገች፣ ትኩሳት እንዳለው ለማየት። ከዚያ ደብተሩን ከእጁ ወስዳ ገለጠች። የሐሙስ ገጽ ላይ ቀኑ አለ፣ አሥራ ዘጠኙ ዓምዶች አሉ፤ ቁጥር የሚባል የለም። ገጹን አቋርጦ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በጠመኔ አንድ ሰያፍ መስመር ብቻ ተሰምሯል። ስቶይልካ መስመሩን ታውቀዋለች። በወጣትነቷ ስንት ጠዋት ይህ መስመር እስኪሰመር ባቡር ጣቢያው መድረክ ላይ ቆማ ጠብቃለች፣ ከተሰመረ በኋላ ነበር ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው።

ብዕር ጠየቀችው። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች፤ ጥግ ላይ የጥላሸት ጣት ቀረ።

«ማሰሮው ሁሉ የኔዳ ነው?» አለ ዛፕርያን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ግማሹ የኛ ነው። የኛ በረንዳ ለሃምሳ ማሰሮ ይበቃል እንዴ? አንተ ነህ የምትሸከመው፣ እያነሳህ ቅርጫት ውስጥ ክተት።»

ዛፕርያን ማሰሮዎቹ ፊት ተንበረከከ። ጣቱን አጥፎ የመጀመሪያውን ሊያንኳኳ ሲል ስቶይልካ አየችው። ጣቱን መለሰና ለእጁ ቅርብ የሆኑትን ሃያ አምስት ቆጥሮ ከተተ።